በፕሮሰሰር ላይ የተጻፈ ቁጥር፤ የኦቨርክሎኪንግ አጭር ታሪክና የጥንቃቄው ትምህርት

፩. መግቢያ

የኮምፒዩተር ፕሮሰሰር ከፋብሪካ ሲወጣ የፍጥነቱ ቁጥር ተመድቦለት ይወጣል፤ ገዢውም ያንን ቁጥር አምኖ ይገዛል። ነገር ግን ከ1980ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ይህን ቁጥር እንደ መጨረሻ ወሰን ሳይቀበሉ ፕሮሰሰሩን ከተመደበለት ፍጥነት በላይ የሚያሠሩ ሰዎች ተነሥተዋል። ይህ ሥራ ኦቨርክሎኪንግ ይባላል። አንዳንዶች የልጆች ጨዋታ ወይም ዕቃን በከንቱ የሚያቃጥል ድፍረት አድርገው ይቈጥሩታል፤ ሌሎች ደግሞ ያለ ዋጋ የሚገኝ ሀብት አድርገው ያዩታል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከሁለቱም አስተያየቶች ራቅ ብሎ ነገሩን በታሪኩ መመርመር ነው። ለዋና ምሳሌነት የተመረጠው በ1998 የወጣው ሴለሮን 300ኤ የተባለው የኢንተል ኩባንያ ፕሮሰሰር ነው። ከታሪኩ የምንረዳው ነገር በአጭሩ ይህ ነው፤ በፕሮሰሰሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር የተፈጥሮ ወሰን ሳይሆን የፋብሪካው ቃል ኪዳን ነው፤ ከዚህ ቃል ኪዳን የሚያልፍ ሰው ደግሞ የፋብሪካውን የምርመራ ሥራ በራሱ ላይ ይወስዳል። ትልቁም አደጋ ብዙዎች እንደሚያስቡት የዕቃው መቃጠል ሳይሆን፣ እውነት መስሎ የሚወጣ የተሳሳተ መልስ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

፪. ቁጥሩ ምንድን ነው?

ፕሮሰሰር ሥራውን የሚሠራው በምት ነው። የዘማሪዎች እግር በከበሮ ምት እንደሚነሣና እንደሚወድቅ፣ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉት በሚሊዮን የሚቈጠሩ ትራንዚስተሮችም በአንድ ምት ሥራቸውን ፈጽመው የሚቀጥለውን ምት ይጠብቃሉ። አንድ ሜጋኸርዝ ማለት በሴኮንድ አንድ ሚሊዮን ምት ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ምልክቱ በተከታታይ ትራንዚስተሮች ውስጥ አልፎ ወደ መጨረሻው ለመድረስ ጊዜ ይፈልጋል። ምቱ ከዚህ ጊዜ ቀድሞ የመጣ እንደ ሆነ፣ ገና ያልደረሰው ምልክት እንደ ደረሰ ተቈጥሮ ይመዘገባል። ስሕተቱም እንደ ትክክለኛ መልስ ሆኖ ወደሚቀጥለው ስሌት ይተላለፋል።

የምልክቱን ፍጥነት ከሚወስኑት ነገሮች ዋናዎቹ ቮልቴጅና ሙቀት ናቸው። በዚያ ዘመን ፕሮሰሰሮች ላይ ቮልቴጅ ሲጨምር ትራንዚስተሮቹ ይፈጥናሉ፤ ሙቀት ሲጨምር ይዘገያሉ። ችግሩ ቮልቴጅ ራሱ ሙቀትን ማምጣቱ ነው። ፕሮሰሰሩ በሥራ ላይ የሚያጠፋው ኀይል ከምቱ ብዛት ጋራ በእኩል ያድጋል፤ ከቮልቴጁ ጋራ ግን የሚያድገው ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ በሚሰጠው መጠን ነው። ለምሳሌ ምቱን በግማሽ ጨምረን ቮልቴጁን ከ2.0 ወደ 2.2 ቮልት ብናሳድግ፣ የሙቀቱ ብዛት 1.5 በ1.21 ተባዝቶ ከቀድሞው 1.8 እጥፍ ያህል ይሆናል። ከዚህም ሌላ ብርቱ ጅረት በቀጫጭኖቹ የብረት መስመሮች ውስጥ ሲያልፍ የብረቱን አቶሞች ቀስ በቀስ ከቦታቸው ይገፋል። ጀምስ ብላክ በ1969 ባወጣው ቀመር እንዳመለከተው፣ ጅረቱና ሙቀቱ ሲጨምሩ የመስመሩ ዕድሜ ያጥራል።

ፋብሪካው ቁጥሩን የሚመድበው እንዴት ነው? ከአንድ ክብ የሲሊኮን ዝርግ ብዙ ፕሮሰሰሮች ይቈረጣሉ፤ ሁሉም ግን እኩል አይሆኑም። ስለዚህ እያንዳንዱ ተፈትኖ በየደረጃው ይመደባል። ነገሩ በብዙ በቅሎዎች ዕቃ ከሚያስጭን ነጋዴ ሥራ ጋራ ይመሳሰላል። ነጋዴው ለእያንዳንዷ በቅሎ ልዩ ጭነት ከመመዘን ይልቅ ደካማዋም በዳገትና በፀሐይ ልትሸከመው የምትችለውን ያህል ለሁሉም ይጭናል፤ ከመካከላቸው ከዚያ በላይ መሸከም የሚችሉ ብርቱዎች መኖራቸው የታወቀ ነው። ፋብሪካውም እንዲሁ ክፍሉ ቢሞቅ፣ ማራገቢያው አቧራ ቢይዝ፣ ቮልቴጁ ትንሽ ዝቅ ቢል፣ ዓመታትም ቢያልፉ ቃሉ እንዳይፈርስ አድርጎ ትርፍ ይተዋል። በዚህ ላይ የገበያው ፍላጎት ይጨመራል። ርካሹን ፕሮሰሰር የሚፈልገው ገዢ ሲበዛ፣ የበለጠ መሥራት የሚችለውም ዝቅተኛው ቁጥር ተመድቦለት ይሸጣል።

፫. ከሴለሮን በፊት

ቁጥሩ የተፈጥሮ ወሰን አለመሆኑ ከመጀመሪያው ጀምሮ የታየ ነገር ነው። አይ.ቢ.ኤም. በ1981 ያወጣው የግል ኮምፒዩተር 8088 የተባለውን የኢንተል ፕሮሰሰር በ4.77 ሜጋኸርዝ ያሠራ ነበር። ፕሮሰሰሩ ግን 5 ሜጋኸርዝ የተፈቀደለት ነው። ቁጥሩ ጐዶሎ የሆነበት ምክንያት ከፕሮሰሰሩ ዐቅም የመጣ አልነበረም። በኮምፒዩተሩ ውስጥ የነበረው 14.318 ሜጋኸርዝ የሚመታ ክሪስታል ለአራት ሲካፈል ለአሜሪካ የቀለም ቴሌቪዥን የሚያስፈልገውን ምት ይሰጣል፤ ለሦስት ሲካፈል ደግሞ 4.77 ይሆናል። አንድ ክሪስታል ለሁለት ሥራ በመዋሉ ወጪ ተቈጠበ።

በ1984 የወጣው የአይ.ቢ.ኤም. ኤ.ቲ. ኮምፒዩተር ደግሞ 80286 የተባለውን ፕሮሰሰር በ6 ሜጋኸርዝ ያሠራ ነበር። ምቱ የሚመጣው ከ12 ሜጋኸርዝ ክሪስታል ሲሆን ክሪስታሉ ተነቅሎ በሌላ ሊተካ የሚችል ነበር። ባለቤቶቹም በጥቂት ዋጋ 16 ሜጋኸርዝ ክሪስታል ገዝተው በመተካት ኮምፒዩተሩን በ8 ሜጋኸርዝ ማሠራት ጀመሩ፤ ይህም ፍጥነቱን በሢሶ ጨመረው። ኩባንያው ቆየት ብሎ ባወጣቸው ኮምፒዩተሮች ላይ ፍጥነቱን እየመረመረ ከተመደበው በላይ ሲሆን ሥራ የሚያቆም ፕሮግራም ጨመረ። በሻጭና በገዢ መካከል ስለዚህ ቁጥር የተነሣው ክርክር ከዚህ ጊዜ ጀምሮ የቆየ ነው።

በ1992 ኢንተል 486 ዲ.ኤክስ.2 የተባለውን ፕሮሰሰር ባወጣ ጊዜ አንድ አዲስ አሠራር መጣ። ፕሮሰሰሩ በማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ምት ተቀብሎ በውስጡ በሁለት ያባዛው ጀመር። ከዚያ ወዲህ የፕሮሰሰሩ ፍጥነት የሁለት ቁጥሮች ብዜት ሆነ፤ አንደኛው የማዘርቦርዱ ምት፣ ሁለተኛው የውስጡ ማባዣ ነው። ይህም ለኦቨርክሎኪንግ ሁለት በሮች ከፈተ። በሮቹን ግን ቅን ሰዎች ብቻ አልገቡባቸውም። ዝቅተኛውን ፕሮሰሰር ገዝተው የላዩን ጽሕፈት ፍቀው ከፍተኛ ቁጥር በመጻፍ የሚሸጡ አጭበርባሪዎች ተነሡ። ኢንተልም ይህን ለመከላከል በሚል ምክንያት በ1990ዎቹ መጨረሻ ማባዣውን ቈለፈው። የቀረው በር የማዘርቦርዱ ምት ብቻ ሆነ።

፬. ሴለሮን 300ኤ

በሚያዝያ 1998 ኢንተል ለርካሽ ኮምፒዩተሮች የሚሆነውን የመጀመሪያውን ሴለሮን አወጣ። ዋጋው እንዲቀንስ ሲባል ፔንቲየም ቱ ከነበረው ካሽ፣ ይኸውም ፕሮሰሰሩ አዘውትሮ የሚፈልገውን መረጃ ከሚያስቀምጥበት ፈጣን ማኅደር፣ ሁለተኛው ደረጃ ጨርሶ ተወግዶለት ነበር። ስለዚህ ዝግተኛ ነው ተብሎ ተነቀፈ። ኩባንያው በነሐሴ 24 ቀን 1998 ባወጣው ሴለሮን 300ኤ ላይ ይህን ጉድለት አረመ፤ 128 ኪሎባይት ካሽ በፕሮሰሰሩ ሲሊኮን ላይ አብሮ ሠራለት።

የዚህ ማረሚያ ውጤት ኩባንያው ከጠበቀው በላይ የሆነ ይመስላል። የፔንቲየም ቱ ካሽ 512 ኪሎባይት ቢሆንም ከፕሮሰሰሩ ውጪ በሌላ ቺፕ ላይ ስለ ነበረ በግማሽ ፍጥነት ይሠራ ነበር። የሴለሮኑ ካሽ ግን ትንሽ ቢሆንም ከፕሮሰሰሩ ጋራ በእኩል ፍጥነት ይሮጣል፤ ለፍጥነት መሰናክል የሚሆን የውጭ ቺፕም የለበትም። ሲሊኮኑ የተሠራበት የ0.25 ማይክሮን አሠራርም በዚያው ቀን በወጣው ፔንቲየም ቱ ላይ እስከ 450 ሜጋኸርዝ የሚደርስ መሆኑ ታይቷል። በወጡበት ቀን ለጅምላ ገዢዎች የተነገረው ዋጋ ለሴለሮን 300ኤ 149 ዶላር፣ ለፔንቲየም ቱ 450 ደግሞ 669 ዶላር ነበር።

የሴለሮኑ ማባዣ በ4.5 ላይ የተቈለፈ ነው። የማዘርቦርዱ ምት 66 ሜጋኸርዝ ሲሆን ብዜቱ 300 ይሆናል። ነገር ግን በዚያው ዓመት የወጣው 440 ቢ.ኤክስ. የተባለው የኢንተል ቺፕ የተገጠመላቸው ማዘርቦርዶች ለፔንቲየም ቱ ሲባል 100 ሜጋኸርዝም የሚሰጡ ነበሩ። 100 በ4.5 ሲባዛ 450 ነው። ማዘርቦርዱ የትኛውን ምት መስጠት እንዳለበት የሚያውቀው ቢ21 በተባለው የፕሮሰሰሩ መገናኛ ነጥብ ስለ ሆነ፣ ይህን ነጥብ በቀጭን ማጣበቂያ ፕላስቲክ መሸፈን ብቻ በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ይበቃ ነበር። አቢት ቢ.ኤች.6 በተባለው ማዘርቦርድ ላይ ደግሞ ምቱንና ቮልቴጁን በኪቦርድ ብቻ መለወጥ ይቻል ነበር። ከእነዚህ ፕሮሰሰሮች ብዙዎቹ በ450 ሜጋኸርዝ ሠሩ፤ አንዳንዶቹ ትንሽ የቮልቴጅ ጭማሪ ፈለጉ፤ አንዳንዶቹም ጨርሶ እምቢ አሉ። ሁሉም የተጻፈባቸው ቁጥር ግን አንድ ነበር።

፭. ትንሹ እርምጃ የበለጠ አደገኛ ስለ መሆኑ

እዚህ ላይ አንባቢው፣ ከ66 በአንድ ጊዜ ወደ 100 ከመዝለል ይልቅ በመካከሉ ባለው 75 ወይም 83 ሜጋኸርዝ ላይ መቆም የበለጠ ጥንቃቄ ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረትም ይህን የሚደግፍ ይመስላል። በዚህ ጉዳይ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር።

የማዘርቦርዱ ምት ፕሮሰሰሩን ብቻ አያስኬድም። ዲስኩና ሌሎቹ ተቀጥላ ካርዶች የሚገናኙበት ፒ.ሲ.አይ. የተባለው መስመርም ምቱን የሚያገኘው ከዚያው ተካፍሎ ነው፤ የተመደበለትም 33 ሜጋኸርዝ ነው። 66 ለሁለት ሲካፈል 33 ይሆናል። 100ም ለሦስት ሲካፈል 33 ይሆናል። ማዘርቦርዱ 83 ላይ የቆመ እንደ ሆነ ግን አካፋዩ ሁለት ሆኖ ስለሚቀር መስመሩ 41.5 ሜጋኸርዝ ይመታል፤ ከተመደበለትም በሩብ ያህል ያልፋል። ፕሮሰሰሩ በ375 ሜጋኸርዝ ሳይቸገር እየሠራ ሳለ ዲስኩ ላይ የሚጻፈው ጽሑፍ ሊበላሽ ይችላል። በ450 የሠራው ሰው ፕሮሰሰሩን ብቻ ሲያስጨንቅ፣ በ375 የሠራው ሰው ግን ሳያውቀው ያላሰበውን ዕቃ ሁሉ ያስጨንቅ ነበር።

ስለዚህ ጥንቃቄ ማለት ጭማሪውን ማሳነስ ብቻ አይደለም። ጥንቃቄ ማለት አንዱ ሲነካ ሌላ ምን እንደሚነካ አስቀድሞ ማወቅ ነው።

፮. የማይታየው ስሕተት

ስለ ኦቨርክሎኪንግ አደጋ ሲነገር ቀድሞ የሚታሰበው ጭስ ነው። በ2001 የታየ አንድ የቪዲዮ ፊልም የኤ.ኤም.ዲ. አትሎን ፕሮሰሰር የማብረጃው ብረት በሥራ ላይ ሳለ ሲነሣበት ወዲያው ሲቃጠል አሳይቶ ነበር፤ በፊልሙ የታየው ፔንቲየም 4 ግን ፍጥነቱን ራሱ ቀንሶ ተርፏል። እንዲህ ያለው ጥፋት ቢያስከፍልም ግልጽ ነው፤ ባለቤቱ ዕቃው መጥፋቱን ያውቃል። ከዚህ የሚከፋው የማይታየው ነው። ለዚህም ሁለት ማስረጃዎች እናቀርባለን።

የመጀመሪያው ከራሱ ከፋብሪካው የመጣ ነው። ኢንተል ከኤ.ኤም.ዲ. ጋራ በፍጥነት በሚሽቀዳደምበት ጊዜ፣ በሐምሌ 31 ቀን 2000 በ1.13 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ፔንቲየም 3 አወጣ። ቶም ፓብስትና ካይል ቤኔት የተባሉ የኮምፒዩተር ዕቃ መርማሪዎች ፕሮሰሰሩን ሲፈትኑት ተራ ሥራዎችን እየሠራ የሊኑክስን ዋና ፕሮግራም አቀናብሮ መጨረስ ግን አቃተው። ኢንተልም አንድ ወር ሳይሞላ ፕሮሰሰሩን ከገበያ ሰበሰበ። እነሆ፣ የምርመራ መሣሪያ ሁሉ የነበረው ኩባንያ እንኳ በችኰላ ከወሰኑ አለፈ። የቸኰለ አፍሶ ለቀመ ይባላል።

ሁለተኛውን ማስረጃ የሰጠው የማይክሮሶፍት መሐንዲስ የነበረው ሬይመንድ ቼን ነው። በ2005 እንደ ጻፈው፣ ከተጠቃሚዎች ከሚደርሱት የብልሽት ሪፖርቶች አንዳንዶቹ ሊሆኑ የማይችሉ ነበሩ። ፕሮግራሙ የወደቀው በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለን አንድ ቁጥር ዜሮ ከማድረግ በቀር ምንም በማይሠራ፣ ሊሳሳት በማይገባው ትእዛዝ ላይ ነው። ባለቤቶቹ ሲጠየቁ ከመካከላቸው ኮምፒዩተራቸውን ኦቨርክሎክ ያደረጉ ተገኙ። እጅግ የሚያሳዝነው ግን ምንም ያላደረጉት ናቸው፤ ሻጩ ኦቨርክሎክ አድርጎ ሳይነግራቸው ሸጦላቸው ነበርና።

ይህ ነገር ለተማሪና ለመምህር ከሌላው ሰው ይልቅ የሚያሳስብ ነው። ጨዋታ የሚጫወት ሰው ኮምፒዩተሩ ሲቆም አጥፍቶ ያበራዋል። ስለ ዝናብ መጠን ወይም ስለ ድልድይ ጥንካሬ የሚያሰላ ሰው ግን ኮምፒዩተሩ ሳይቆም በመካከል አንድ ቁጥር ቢሳሳት የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስሕተቱም በጽሑፉ ውስጥ ገብቶ ከጽሑፉ ወደ ሌላው ጽሑፍ ይተላለፋል።

፯. የጥንቃቄው ሥርዓት

ከላይ የተነገረው ታሪክ የቆየ ፕሮሰሰርን ኦቨርክሎክ ለማድረግ ለሚፈልግ ሰው ሥርዓት ያስተምራል።

አንደኛ፣ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ሁሉ አስቀድሞ በሌላ ቦታ ይገልበጥ።

ሁለተኛ፣ የዕቃው ጤንነት ይመርመር። በቆየ ኮምፒዩተር ላይ በፕሮሰሰሩና በማብረጃው ብረት መካከል ያለው ቅባት ደርቆ ሊሆን ስለሚችል ተጠርጎ በአዲስ ይተካ፤ የማራገቢያውም አቧራ ይወገድ። በተለይ በ1999ና በ2007 መካከል በተሠሩት ማዘርቦርዶች በብዙዎቹ ላይ ካፓሲተሮች ያብጡና ያፈሱ ነበር። ራሱ ያበጠ ካፓሲተር የሚታይበት ማዘርቦርድ ሳይጠገን በፍጹም ለዚህ ሥራ አይሁን።

ሦስተኛ፣ ፈተናው በተመደበው ፍጥነት ላይ ይጀመር። ገና ሳይነካ የሚሳሳት ኮምፒዩተር ስለ ጭማሪው ምንም አያስረዳም። በዚህ ጊዜ የታየው ሙቀት በወረቀት ላይ ይጻፍ።

አራተኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ ቮልቴጁ ሳይነካ ምቱ ብቻ ይጨመር። ምቱ በማዘርቦርዱ በኩል የሚለወጥ ከሆነ የፒ.ሲ.አይ. መስመር ስንት እንደሚመታ አስቀድሞ ይሰላ። ቮልቴጅ የሚጨመረው በመጨረሻ፣ በጥቂቱና ፋብሪካው ካስታወቀው ከፍተኛ ወሰን ሳያልፍ ነው።

አምስተኛ፣ ፈተናው መልሱ አስቀድሞ በሚታወቅ ስሌት ይሁን። ከ1996 ጀምሮ በብዙ ኮምፒዩተሮች ኅብረት የሜርሴን ፕራይም ቁጥሮችን የሚፈልገው ማኅበር፣ አባላቱ የሚጠቀሙበት ፕራይም95 የተባለ ፕሮግራም አለው። ፕሮግራሙ ፕሮሰሰሩን ከባድ ስሌት እያሠራ መልሱን ከታወቀው መልስ ጋራ ያመሳክራል። ማኅበሩ ራሱ ለብዙ ዓመታት የአንዱን ኮምፒዩተር ውጤት ያጸደቀው ስሌቱ ሁለተኛ ጊዜ ተሠርቶ መልሱ አንድ ሲሆን ነው። ለማስታወሻው ክፍል ደግሞ ሜምቴስት86 የተባለው ፕሮግራም ያገለግላል። እነዚህ ፈተናዎች ለጥቂት ደቂቃ ሳይሆን ቢያንስ ሌሊቱን ሙሉ ይካሄዱ፤ ከቀኑም ሞቃታማ ሰዓት ይድገሙ።

ስድስተኛ፣ አንድ ስሕተት እንኳ ከታየ ወደ ኋላ ይመለሱ። ምንም ስሕተት ሳይታይ የተደረሰበትም ከፍተኛ ቁጥር መኖሪያ አይሁን፤ ፋብሪካው እንዳደረገው ሁሉ ከዚያ ዝቅ ብሎ ትርፍ ይተው። ዕቃው ሲሸጥ ወይም ለሌላ ሲሰጥ ግን ፍጥነቱ ወደ ተመደበው ይመለስ፤ ይህ ባይሆን እንኳ ለተቀባዩ ይነገረው።

፰. መደምደሚያ

ሴለሮን 300ኤ ዝነኛ ከሆነ በኋላ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው የተዉትን ትርፍ ለመጠቀም ተነሡ። ኢንተል በ2004 ባለ 4 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 4 ለማውጣት የነበረውን ዕቅድ ሰረዘ፤ ምትን ብቻ እያሳደጉ መሄድ በሙቀት ምክንያት አስቸጋሪ ሆኖ ነበርና። በ2008 ባወጣው ኮር አይ7 ላይ ግን ሙቀቱና ኀይሉ በፈቀደ ጊዜ ፕሮሰሰሩ ራሱ ፍጥነቱን ከፍ የሚያደርግበትን ዘዴ ጨመረ። ባለቤቱ በማጣበቂያ ፕላስቲክ ይፈልገው የነበረውን ትርፍ ፋብሪካው በመለኪያ እየተቈጣጠረ ይሰጠው ጀመር። ይህም ቢሆን ከስሕተት አላዳነውም። በ2024 የኢንተል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ ጉዳት እንደሚደርስባቸው ታወቀ፤ ኩባንያው ማረሚያ አውጥቶ የዋስትናውን ጊዜ በሁለት ዓመት አራዘመ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ ወሰኑን የሚያስከብረው ቁጥሩን የጻፈው ሰው ማንነት ሳይሆን ቁጥሩ የተመረመረበት ትጋት መሆኑን ነው። አጭበርባሪው ጽሕፈቱን ፍቆ ሳይመረምር ጻፈ፤ ኩባንያውም በ2000 በቂ ምርመራ ሳያደርግ ቸኰለ፤ በትዕግሥት ለክቶ፣ መዝግቦና መልሱን አመሳክሮ የሠራው ባለ ሴለሮን ግን በ149 ዶላሩ ፕሮሰሰር 450 ሜጋኸርዝ አገኘ። ኮምፒዩተሩ ፈጥኖ መልስ መስጠቱ ብቻ አይበቃም፤ መልሱን ስንጽፍ ስማችንን ከሥሩ የምናኖር እኛ ነንና፣ እውነት መሆኑን መመርመርም የእኛ ፈንታ ነው።